ደመወዜ በስሜ ይግባ

ሰው አገር ሲለውጥ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምን ይመስላችኋል? ይህን ጥያቄ ለጥቂት እናቶች ባቀርብ አንዷ «ወፍራም ልብስ» ትላለች፤ ሁለተኛዋ «ቋንቋ» ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «በርበሬና ሽሮ» ብላ ታስቀናለች። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. ሴት ልጄን ይዤ፣ ቀድሞ ከሄደው ባለቤቴ ጋር ለመኖር ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ከገባሁ ወዲህ ያየሁት ሌላ ነው። በዚያ አገር በስሙ የባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው፣ ሰውም አይባል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናት የምሳ ሒሳብ በባንክ ነው፤ መብራቱ፣ ስልኩ፣ የባቡሩ ወርኃዊ ትኬት ሳይቀር በባንክ ነው። ደመወዝም እንደዚሁ። በእጅ ቆጥሮ የሚሰጥ፣ በፖስታ አሽጎ የሚያቀብል ቀጣሪ ብርቅ ነው።

ሰሞኑን ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተሰናዱ ሁለት ሦስት እኅቶች ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቀውኛልና የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ ላጫውታችሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ነገሩ ቀላል ነበር። ሥራ በጀመርኩ በወሩ የቀበሌ መታወቂያዬንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዤ ወደ ባንክ ሄድኩ። ቅጽ ሞላሁ፤ ፈረምኩ፤ ጥቂት ብር አስገባሁ፤ የቁጠባ ደብተሬን በቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ። ያን ዕለት እናቴ ደብተሩን ተቀብለው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሥር አኖሩልኝ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ለባንክ ወረፋ፣ ለቀበሌ ወረፋም የማልደነግጥ ሴት ነበርኩ።

ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ወር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሥራ አገኘሁ። ድንች መላጥ፣ ሳህን ማጠብ፣ ምሳውን በተሽከርካሪ ጠረጴዛ ጭኖ በየክፍሉ ማድረስ ነው ሥራው። ሥራ ልጀምር ሳምንት ሲቀረው የደመወዝ ክፍል ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የግብር መለያ ቁጥር ይልና ከሥሩ 22 ትንንሽ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ይህ እነርሱ «ኢባን» የሚሉት የሒሳብ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአገሩ ፊደላት ናቸው፤ ቀጥሎ ሁለት የማረጋገጫ አኃዞች፤ ከዚያ ስምንቱ ባንኩን፣ የመጨረሻዎቹ አሥሩ ደግሞ ሰውየውን ያመለክታሉ። «እነዚህን ሞልተሽ አምጪ፤ ያለዚያ የወሩን ደመወዝ የት እልከዋለሁ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አየት አደረገውና «ይኼማ ምን ችግር አለው፤ የእኔን ቁጥር ጻፊበት» አለኝ። ክፋት ኖሮት አይደለም። አንድ ገበታ ላይ ለሚቆርሱ ሰዎች ገንዘብ መለየት ለእርሱ እንግዳ ነገር ነው። «ገንዘባችን አንድ አይደለም ወይ? ምን አስለየው?» አለ። እኔም «ገንዘቡ አንድ ነው፤ ስማችን ግን ሁለት ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም ተባባልን። ልጃችን በመሐል ወተት ደፋችና ነገሩ በዚያው ቆመ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ከአንዲት አገሬ ልጅ ጋር በቋንቋ ትምህርት ቤት እንተዋወቅ ነበር። ሆቴል ቤት ክፍል ታጸዳለች። በመጣች ጊዜ የባንክ ሒሳብ የሚከፍትላት ስላጣች ደመወዟ የሚገባው በአንድ የሥጋ ዘመዷ ባል ሒሳብ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰውየው በየወሩ አውጥቶ ይሰጣታል። እየቆየ «የቤት ኪራይ ድርሻሽን አስቀርቻለሁ» ይላት ጀመር፤ ቀጥሎ «መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው፤ በሚቀጥለው ወር» ይላል። ሰባት ወር ሲሞላ ሦስቱን ወር ብቻ ነበር በእጇ ያገኘችው። ስትጠይቅ ኩርፊያ፣ ስትደግም ደግሞ «ከቤቴ ውጪ» ሆነ። ወደ አማካሪ ዘንድ ሄዳ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ቀጣሪሽ ከፍሏል፤ ወረቀቱም አለ፤ ገንዘቡ የገባው ግን አንቺ ራስሽ ፈርመሽ በሰጠሽው ቁጥር ነው» የሚል ነበር። ያቺ ልጅ ትምህርት ክፍል ውስጥ ከጎኔ ቁጭ ብላ የጀርመንኛ ግሥ እያረባች ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር።

ባለቤቴ እንደዚያ ሰው አይደለም። ቢሆንም ነገሩ የባሌን ደግነት መጠራጠር አይደለም። ሰው ይታመማል፤ ይሞታል፤ መንገድ ይሄዳል። ሴት ልጇን ሐኪም ቤት ለማድረስ የታክሲ ገንዘብ ስትፈልግ የሌላ ሰው የምስጢር ቁጥር መጠበቅ የለባትም። ይህን ለባለቤቴ በማግሥቱ ረጋ ብዬ ነገርኩት፤ እርሱም ሰማኝ። «እንግዲያው ነገ አብረን እንሂድ» አለ።

ሄድን። ቀጠሮው በእነርሱ 9 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። የባንኩ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ ትሕትናዋ የሚያስገርም። ፓስፖርቴን ተቀበለች፤ የባለቤቴን የመኖሪያ ካርድ ተቀበለች፤ የልጃችንን የልደት ወረቀት ተቀበለች። ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድራ ብዙ ተመለከተች። ከዚያ ቀና ብላ «ባልና ሚስት ናችሁ?» አለችን። «አዎን» አልን። «ልጅቷስ የማን ናት?»

እኅቶቼ፣ ይህ ጥያቄ በሌላ ቦታ ቢጠየቅ ጠብ ያስነሣ ነበር! ልጅቷ ግን ወድዳ አይደለም። በእነርሱ ዘንድ የአንድ ቤት ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። የእኛ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ነው፤ በእኔ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። በባለቤቴ ላይ የእርሱ አያት ስም ነው። የልጃችን አያት ደግሞ የባለቤቴ አባት ስለሆኑ በእርሷ ወረቀት ላይ የተጻፈው የእርሳቸው ስም ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የቤተሰብ ስም፣ አንድ ቤት። ይህን በተሰባበረ ጀርመንኛ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ያዳነን የጋብቻ የምስክር ወረቀታችን በመሐላ ተርጓሚ ተተርጉሞ በእጃችን መኖሩ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የእኛ ሴት አገባች ብላ የአባቷን ስም አትጥልም። እኔ በዚህ እኮራለሁ። ቢሆንም እዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚጠራኝ «ፍራው» ብሎ የአያቴን ስም አስከትሎ ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ። ብራቸውን በቅል አድርገው ከጎተራው ሥር ይቀብሩ ነበር እንጂ የባንክ ደጅ ረግጠው አያውቁም። ዛሬ ስማቸው በላቲን ፊደል ታትሞ በአንድ የጀርመን ባንክ ካርድ ላይ ተቀምጧል። ባለአደራዋ እኔ ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የስሙ ነገር ሲፈታ ሌላ መጣ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴ ገና ታትሞ አልደረሰም፤ በእጄ ያለው በፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ነው። ልጅቷ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ተመለሰችና «ካርዱ ሲመጣ ተመለሺ» አለችኝ። «መቼ ይመጣል?» ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ቀርቧል፤ ካርዱ ግን ገና ሳምንታት ይፈጃል። ባለቤቴ በመንገድ ላይ ምንም አላለም። «እኔ ምን ብዬሽ ነበር» አለማለቱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በዚያ አገር የኖሩ፣ እኛ ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው አንዲት እናት አሉ። እሑድ ቡና ሲፈላ ነገሩን አጫወትኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ስሚ ልጄ፤ አንቺ እኮ ልመና አልሄድሽም። ሕግ አለ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምን ዓይነት ሕግ ነው እርስዎ የሚሉት?»

«ባዚስኮንቶ የሚባል አለ። ቅጹን ስጡኝ በያቸው። አንሰጥም ካሉ በጽሑፍ አድርጉልኝ በይ። በጽሑፍ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ታያቸዋለሽ።»

ቤት ገብተን አነበብነው። እውነትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ፣ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ የባንክ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠባበቅ ሰው፣ ሌላው ቀርቶ የመኖሪያ ፈቃድ ሳያገኝ ከአገር እንዳይወጣ ብቻ የተፈቀደለት ሰው እንኳ አልቀረም። ባንኩ ማመልከቻው በደረሰው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን ማቅረብ አለበት። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል፤ ምክንያቶቹም በሕጉ የተቆጠሩ ናቸው፤ ለምሳሌ አመልካቹ በዚያው አገር የሚሠራበት ሌላ ሒሳብ ካለው። በመልሱ ያልተስማማ ሰው «ባፊን» ለሚባለው የገንዘብ ተቋማት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ይህ ሒሳብ ስሙ እንደሚያመለክተው መሠረታዊ ነው። ገንዘብ ይገባበታል፣ ይወጣበታል፣ ይላክበታል፤ ካርድም ይሰጣል። ያለውን ያህል ብቻ ነው የሚያወጡበት፤ ብድር የለውም። በሌላው ሒሳብ ላይ ግን «ዲስፖ» የሚሉት አለ። ገንዘቡ ሲያልቅ ባንኩ ራሱ እያበደረ ያስወጣል፤ ወለዱም ብዙ ጊዜ በዓመት ከመቶ አሥር ያልፋል። የደሞዝ ቀን ሳይደርስ ሒሳቡ ከዜሮ በታች እየወረደ፣ ደሞዙ ሲገባ ዕዳውን ብቻ እየሸፈነ ዓመት የሚገፋ ቤተሰብ አውቃለሁ። ስለዚህ ባንኩ ዲስፖ አለመስጠቱን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ቢቆጥረውም ለእኔ ቢጤ ቤት አስተዳዳሪ በረከት ነው።

ቅጹን ሞልቼ ወደ ሁለተኛ ባንክ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለው ሰው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ አልተፈታም። «ይህን እኛ ዘንድ የሚጠይቅ ሰው የለም» አለ። «እኔ ጠየቅሁ» አልኩት። ሌላ ሰው ጠራ፤ ሁለቱ ተነጋገሩ፤ ፓስፖርቴንና የአድራሻ ምዝገባ ወረቀቴን ፎቶ ኮፒ አደረጉ፤ መቀበላቸውን የሚያስረዳ ቅጂ ሰጡኝ። ያቺን ቅጂ እንደ ውርስ ወረቀት ነው የያዝኳት። በስምንተኛው የሥራ ቀን «ተፈቅዶልሻል» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ደረሰኝ።

ስለ አድራሻ ምዝገባ ካነሣሁ አይቀር፣ ጀርመን አገር ቤት የገባ ሰው ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች ቢሮ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ቤቱን የሰጠው ሰው «አዎን፣ እኔ ዘንድ ገብታለች» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር መለያ ቁጥር የሚባለው ባለ 11 አኃዝ ቁጥርም በፖስታ የሚመጣው ከዚህ ምዝገባ በኋላ ነው። አንዱ ካንዱ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ መጀመሪያዋን ቀለበት ያልያዘ ሰው ሌላውን አያገኝም።

ፖስታ ስል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ትዝ አለኝ። በዚያ አገር የቤት ቁጥር ብቻ ደብዳቤ አያስገኝም። በፖስታ ሣጥኑ ላይ ስም ተለጥፎ መታየት አለበት፤ ስሙን ያጣ ፖስተኛ ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል። የባንክ ካርድ በአንድ ደብዳቤ፣ የምስጢር ቁጥሩ በሌላ ደብዳቤ፣ በተለያየ ቀን ነው የሚላከው፤ ሌባ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኝ ነው። እትዬ ቀድመው አስጠንቅቀውን ነበርና ባለቤቴ በማግሥቱ ሦስቱንም የቤተሰብ ስሞች በወረቀት ጽፎ ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። ጎረቤታችን ጀርመናዊት አሮጊት አይተው «ሦስት ቤተሰብ በሁለት ክፍል?» ብለው በአዘኔታ ብስኩት አመጡልን። ብስኩቱን በላን፤ ማስረዳቱን ለሌላ ቀን አስተላለፍነው።

የመጀመሪያው ደመወዜ የገባ ዕለት ከሥራ ስወጣ ወደ ባንኩ ጎራ አልኩ። ካርዴን አስገብቼ ቁጥሩን ስመታ ማሽኑ ስሜን ጻፈ፤ ከሥሩ ገንዘቡን። የድንቹ፣ የሳህኑ፣ የእግሬ እብጠት ሁሉ በአንድ መስመር ተጽፎ ታየኝ። ሃምሳ ዩሮ ብቻ አውጥቼ ለልጄ የዝናብ ጫማ ገዛሁላት። ማንንም አላስፈቀድኩም፤ ለማንም አልነገርኩም። ጫማው ቢጫ ነበር።

በስልክ ለእናቴ ሁሉን አጫወትኳቸው። ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ካርዱ በጥሞና ሰሙኝ። ባንኩ በየወሩ የአገልግሎት ሒሳብ እንደሚቆርጥብኝ ስነግራቸው ግን አልዋጥ አላቸው። «ገንዘብሽን ሰጥተሻቸው ደግሞ ትከፍያቸዋለሽ? የእኛው ባንክ እኮ ወለድ ያስብልሽ ነበር!» አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

በጀርመንኛው ትምህርት ማብቂያ ላይ ስለ አገሩ ታሪክና ሕግ የሚያስተምር 100 ሰዓት ነበረን። መምህራችን አንድ ቀን የነገሩን ነገር ሁላችንን አስደነቀን። በምዕራብ ጀርመን እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የሚስትን ሀብት የማስተዳደር መብት በሕግ የባል ነበር። እስከ 1977 ድረስም ሚስት ከቤት ውጭ እንድትሠራ የሚፈቅደው ሕግ «ከትዳርና ከቤተሰብ ግዴታዋ ጋር ሲስማማ» የሚል ልጓም ነበረው። ጎረቤት ፈረንሣይ ደግሞ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት በሕግ የፈቀደችው በሐምሌ 1965 ነው። እነዚያን ብስኩት ያመጡልንን አሮጊት አሰብኳቸው። ወጣት ሙሽራ ሳሉ እርሳቸውም በገዛ አገራቸው እንግዳ ነበሩ ማለት ነው። በእኛም አገር ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አመራር እኩል ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ይህን ያነሣሁት እነርሱ ቀደሙ፣ እኛ ዘገየን ለማለት አይደለም፤ በስም የሚገባ ደመወዝ ለየትኛዋም ሴት ከሰማይ እንዳልወረደላት ለማስታወስ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን የገንዘብ አያያዝ ልምጣ፤ ብዙ ሴቶች የሚጠይቁኝ ይህንን ነውና። እኔና ባለቤቴ ሦስት ሒሳብ አለን፤ አንድ የእርሱ፣ አንድ የእኔ፣ አንድ የጋራ። የቤት ኪራይ፣ መብራትና የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍያ ከጋራው ይወጣል፤ ወደ እርሱም ሁለታችንም በየወሩ እንደ ደመወዛችን መጠን እናስገባለን። የጋራ ሒሳብ ሲከፈት ጀርመኖች የሚጠይቁት አንድ ቃል አለ፤ «ወይም» ነው ወይስ «እና»? «ወይም» ከሆነ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻውን ማውጣት ይችላል፤ «እና» ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ብዙ ባልና ሚስት ሳይጠይቁ «ወይም»ን ይወስዳሉ፤ እኛም እርሱን ወስደናል፤ ለኑሮ ይመቻል። ነገር ግን በጋራ ሒሳብ ላይ ዕዳ ቢፈጠር ሙሉውን ዕዳ ከሁለቱ ከማንኛቸውም መጠየቅ ይቻላል። ሲፈርሙ ይህን አውቆ መፈረም ነው። መንግሥት ለልጆች ማሳደጊያ የሚከፍለው አበል፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ የነበረው ማለት ነው፣ የሚከፈለው ከወላጆቹ ለአንዳቸው ነው። እኛ ቤት በስምምነት በእኔ ሒሳብ ይገባል። ባለቤቴ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «የጫማ ቁጥሯን የምታውቀው እርሷ ናት» ይላል።

ከሒሳብ ላይ ራሳቸው እየሳቡ የሚወስዱ ድርጅቶች አሉ፤ የስልኩ፣ የመብራቱ፣ የስፖርት ቤቱ። መጀመሪያ ላይ ይህ ያስፈራል። ቢሆንም ፈርመው የፈቀዱትን እንኳ በስምንት ሳምንት ውስጥ «ይመለስልኝ» ማለት ይቻላል፤ ጨርሶ ያልፈቀዱት ከሆነ ደግሞ እስከ 13 ወር። ስለዚህ በየወሩ የሚመጣውን የሒሳብ መግለጫ እንደ ልጅ የፈተና ውጤት በመስመር በመስመሩ አነባለሁ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ላሳስባችሁ። አዲስ መጪ ሴት ሒሳብ ከፈተች ሲባል የሚሰማ ሰው አይጠፋም። «በአንቺ ሒሳብ ጥቂት ገንዘብ ላሳልፍ፤ ለአንቺም ይህን ያህል ትቶልሽ ይወጣል» ይላታል። አገር ልጅ ነው፤ ይሉኝታ ይይዛታል። ገንዘቡ የተሰረቀ ወይም በማጭበርበር የተገኘ ቢሆን ግን ፖሊስ የሚያገኘው የእርሷን ስም ነው። ይሉኝታው ያኔ አያድናትም። ሒሳቡ ይዘጋል፤ ክስ ይመጣል፤ ለመኖሪያ ፈቃዷም መዘዙ ይተርፋል። ለዘመድ መርዳት ከተፈለገ ከራስ ኪስ አውጥቶ መስጠት ይሻላል። ዕቁብ ለሚጠጡም ቢሆን የኔ ምክር ያው ነው፤ የሃያ ሰው ዕቁብ በአንዲት ሴት የግል ሒሳብ ሲጠራቀም ባንኩ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃልና ዳኛዋ መልሱን በወረቀት ትያዝ።

ያቺ የሆቴል ሠራተኛ ምን ሆነች ትሉ ይሆናል። እኔ ያገኘሁትን ቅጽ ይዛ ሄዳ የራሷን ሒሳብ ከፈተች፤ አዲሱን ቁጥር ለቀጣሪዋ ሰጠች። ካለፈው ገንዘቧ ሽማግሌ ገብቶ የሁለት ወሩን አስመለሱላት፤ የቀረው ቀርቷል። ከዘመዶቿ ጋር ግን ዛሬም አይነጋገሩም፤ በልደትም በፋሲካም ለብቻዋ ናት። በቅርቡ ደግሞ እኛ ዘንድ እየመጣች ነው።

ለመሄድ የተሰናዳችሁ እኅቶች፣ ከዚህ ስትነሡ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ያዙ። የስማችሁን አጻጻፍ በላቲን ፊደል ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በአንዱ ወረቀት አንድ «ኤስ»፣ በሌላው ሁለት «ኤስ» ከሆነ በእነርሱ ዓይን ሁለት ሰው ናችሁ። የልደት ቀናችሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ጊዜ አስልታችሁ በዚያው ጽኑ። ጉርድ ፎቶግራፍ ግን እኔን በባንክ የጠየቀኝ የለም፤ የያዝኳቸው አሥራ ሁለቱም እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አሉ።

በፈረንጆች ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የዓለም የቁጠባ ቀን የሚባል በዓል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሲከበር የኖረ ነው። ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ያጠራቀሙበትን ሣጥን ወደ ባንክ ወስደው ያስቆጥራሉ፤ ባንኩም አሻንጉሊት ወይም እርሳስ ይሰጣቸዋል። ልጄ በትምህርት ቤት ሰምታ መጥታ «እኔም» አለች። ለልጅ ሒሳብ ለመክፈት የእናትም የአባትም ፊርማ ስለሚያስፈልግ ሦስታችንም ሄድን። በመስኮቱ የነበሩት ጠና ያሉ ሴት ሦስቱን ወረቀት ደረደሩ፤ ሦስቱን የቤተሰብ ስም አነበቡ። እኔ የጋብቻውን ወረቀት ከቦርሳዬ ላወጣ እጄን ሰደድኩ። ሴትዮዋ ግን ምንም አልጠየቁም። ቅጹን ወደ እኛ ገፉና ሁለት እስክሪብቶ ሰጡን፤ አንድ ለእርሱ፣ አንድ ለእኔ።